ወሬ፣ ዜና፣ ታሪክ፦ የቃላቱ ጉዞ ከስሜን ግርጌ ሲታይ

በእንግሊዝኛ መማሪያ ክፍል ከሚሰጡት መሠረታዊ ትምህርቶች አንዱ ዜና ማቅረብና ታሪክ መተረክ ነው። ተማሪው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ያጠናል። ዜና፣ ዘጋቢ፣ ምንጭ፣ ምስክር፣ ርእሰ አንቀጽ፣ ተራኪ ለሚባሉትም የእንግሊዝኛ አቻቸውን በደብተሩ ይገለብጣል። ትምህርቱ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በደባርቅ ወይም በዳባት የሚማር ልጅ «ስቶሪ» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ግር ይለዋል። ይህ አንድ ቃል አያቱ ማታ በምድጃ ዳር የሚነግሩትን ተረት፣ በራዲዮ የሚሰማውን ዜና፣ አልፎ አልፎም ያለፈውን ዘመን ታሪክ በአንድነት ያቅፋልና ነው። በአማርኛ ግን ሦስቱ ሦስት ስም አላቸው። ከስማቸውም ጋር ተናጋሪው ለአድማጩ የሚገባው ግዴታ ይለያያል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መሐንዲስ እንጂ የቋንቋ ሊቅ አይደለም። ሆኖም ከሙያችን ሥራ ብዙው ዘገባ መጻፍ ነው። ድልድይ ሲሰነጠቅ ወይም የመንገድ ጠርዝ ሲናድ፣ የታየውን ከተባለው ያልለየ ዘገባ ከናዳው የማያንስ ጥፋት ያደርሳል። ዘገባዎቻችንንም የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በልጅነት ክፍል የተማርናቸው ቃላት እስከ ዛሬ ይከተሉናል። ስለዚህ የእነዚህን ቃላት አመጣጥ መመርመር፣ በተለይም ብዙ ታላላቅ ዜናዎች ከፈለቁበት ከስሜን ግርጌ ሆኖ መመልከት፣ ለማኅበራችን አባላት ባዕድ ጉዳይ አይሆንም። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የቃላቱ ሥር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በቅድሚያ የቃላቱን ሥር እንመልከት። ዜና የግዕዝ ቃል ነው፤ ዜነወ ማለት ነገረ፣ አወጀ ማለት ነው። የነገሥታቱ የሥራ መዝገብም ዜና መዋዕል፣ ማለትም የዘመናት ዜና ተብሏል። ስለዚህ በቀድሞው አነጋገር የዛሬ ወሬና የትናንት ታሪክ በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ዘጋቢ የሚለው ቃል ሥሩ ዘገበ ነው፤ በግዕዝ አከማቸ፣ አጠራቀመ ማለት ሲሆን መዝገብም መነሻው የሀብት ማከማቻ ነው። እንግዲህ በቃሉ ሥር ብንሄድ ዘጋቢ ከሚናገርበት ሰዓት ይልቅ የሚያጠራቅምበት ሰዓት ይበልጣል። ታሪክ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በዚያው ቋንቋ ቀንንና ዘመንን መወሰን ማለት ነው።

የእንግሊዞቹ ቃላትም የየራሳቸው ሥር አላቸው። «ሪፖርት» ከላቲን መጥቶ ተሸክሞ መመለስ የሚል ፍች ይሰጣል። «ሂስትሪ» እና «ስቶሪ» ደግሞ ሁለቱም ከአንድ የግሪክ ቃል የተወለዱ ሲሆኑ፣ የዚያ ቃል ትርጉም መጠየቅ፣ መመርመር ነው። ጋዜጣ የሚለው ቃል በኢጣልያ ቋንቋ በኩል ደርሶናል፤ መነሻውም በቬኒስ ከተማ የወሬ ወረቀት ይሸጥበት የነበረው የአነስተኛ ሳንቲም ስም ነው ይባላል።

ለመሐንዲስ ዓይን ደግሞ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። የአማርኛ ጋዜጣ ቃላት ከግንባታ የተወሰዱ ናቸው። አንቀጽ በግዕዝ በር ማለት ነው፤ ዐምድ ምሰሶ ነው። እንግሊዞችም የጋዜጣውን ዐምድ በምሰሶ ስም ይጠሩታል። ጽሑፍ እንደ ቤት በር ከሌለው አይገባበትም፤ ምሰሶ ከሌለውም አይቆምም።

የእነዚህን ቃላት ፍች በአንድ ላይ ብናደርጋቸው አንድ ሙሉ የሥራ መመሪያ ይወጣቸዋል። መርምር፤ ቀኑን ወስን፤ ሳታጎድል ተሸክመህ አምጣ፤ አከማች፤ ከዚያ በኋላ ንገር።

ወሬና ተረት ግን ከዚህ ተራ ውጭ ናቸው። ተረት የሚነግር ሰው ገና ሲጀምር «ተረት ተረት» ብሎ ያስታውቃል። ይህም ከአድማጩ ጋር የሚደረግ ውል ነው። ቀበሮው በምን ቋንቋ ተናገረ፣ ምስክሩስ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ወሬ ደግሞ ዋስ የሌለው ነገር ነው፤ ተናጋሪውም ብዙ ጊዜ «አሉ» የሚለውን ቃል በመጨረሻ ጨምሮ ራሱን ነጻ ያወጣል። «ዝናብ ጥሏል አሉ» ያለ ሰው ዝናቡን አላየም፤ አየሁም አላለም። በአንዲት አጭር ቃል የነገሩን ምንጭና የእምነቱን ልክ አስታውቋል። ሆኖም ወሬ ፈጽሞ የተናቀ ነገር አልነበረም። ከጦርነት በኋላ «ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» ሲባል፣ ከሰው ሁሉ በመጨረሻ መትረፍ የነበረበት ያየውን የሚናገር ሰው እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከደረስጌ የወጣው ዜና

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አደረጉ። ድሉ በተገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ በአገራችን የኖረ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ተሳትፏል። ውቤ ሕንጻውን ለራሳቸው ንግሥ አስበውት ነበር ይባላል።

ለርእሳችን የሚጠቅመው ግን ከዘውዱ በኋላ የሆነው ነው። ከዚያ በፊት የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። የቴዎድሮስ ታሪክ ግን በአማርኛ ተጻፈ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ደብተራ ዘነብ፣ ሌላው አለቃ ወልደ ማርያም ናቸው፤ ስሙ ያልታወቀ ሦስተኛ ጸሐፊም አለ። በገበያና በሰፈር የሚነገረው ቋንቋ የመንግሥትን ዜና ለመሸከም የበቃው፣ በደረስጌ በተጀመረው በዚህ ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

ደብተራ ዘነብ የቴዎድሮስን ታሪክ ከመጻፋቸውም በላይ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የተባለ መጽሐፍ ደርሰዋል። አንድ ብዕር ሁለቱን ሥራ ሲሠራ ለአንዱ ታሪክ፣ ለሌላው ጨዋታ የሚል ስም ሰጥቷቸዋል። አንባቢው የትኛውን በምን ሚዛን እንደሚመዝን ከስሙ ያውቃል።

ከሊማሊሞ እስከ ለንደን

ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚወጣው የነጋዴ መንገድ ለዘመናት በሊማሊሞ ገደል ያልፍ ነበር። ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ወሬም የሚወጣውና የሚወርደው በዚሁ መንገድ ነበር። በ1762 ዓ.ም. እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ገባ። ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲናገር ግን ብዙዎች አላመኑትም፤ ከሕይወት ካለች ላም ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ማለቱም መሳለቂያ አደረገው። በአምስት ቅጽ ያዘጋጀው መጽሐፍ የታተመው በ1782 ዓ.ም. ነው። ከጊዜ በኋላ ሌሎች ተጓዦች ከነገራቸው ብዙውን እውነት ሆኖ አግኝተውታል። እነሆ በዓይን ያየ ሰው ዘገባ በሩቅ አገር ተረት ተባለ።

በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በጎንደር አጠገብ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድ በሸፈተው በጋረድ ሰዎች ተይዞ ቆሰለ፤ በዚያም ቍስል ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋረድን በደባርቅ አካባቢ ገጠሙት። በዚሁ ውጊያ የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅና ባለሟል የነበረው እንግሊዛዊው ሊቀ መኳስ ጆን ቤል ጌታውን ሲከላከል ወደቀ። በእነዚህ ሁለት ሞቶች ምክንያት ቴዎድሮስ የእንግሊዞችን አገርና አነጋገር የሚያስረዷቸውን የቅርብ ሰዎች አጡ።

ውጤቱ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ሳለ መልስ ሳያገኝ በመሥሪያ ቤት ተቀመጠ። አዲሱ ቆንስል ካሜሩን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። ከዚህ የተነሣው ጠብ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ተፈጸመ። ለጦርነቱ ብዙ ምክንያት መዘርዘር ይቻላል፤ ከመካከላቸው መልእክት ደርሶ መልስ አለመመለሱ ግን ቀላል ስፍራ የሚሰጠው አይደለም።

የመቅደላ ዘመቻ በዜና ሥራ ታሪክም የራሱ ቦታ አለው። «ኒው ዮርክ ሄራልድ» የላከው ሄንሪ ሞርቶን ስታንሊ በስዊዝ ካለው የቴሌግራፍ ሹም ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ ነበር። ስለዚህ የመቅደላን መያዝ የሚያበሥረው የእርሱ መልእክት ከጦር አዛዡ መልእክት ቀድሞ ለንደን ገባ። ወዲያውም የባሕሩ ሽቦ ስለተበጠሰ የሌሎቹ ወሬ ዘገየ። ቴሌግራፍ በቃል ልክ የሚያስከፍልና በመካከል ሊቋረጥ የሚችል መሣሪያ ነው። ዋናውን ነገር በመጀመሪያው መስመር ማስቀደም የሚባለው የእንግሊዝኛ ዜና አጻጻፍ ከዚህ መሣሪያ ጋር እንደ ተስፋፋ ብዙዎች ይናገራሉ። የተረት ነጋሪው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዋናውን ነገር እስከ መጨረሻው ይዞ አድማጩን ያቆያል። ሁለቱም በየቦታቸው ጥበብ ናቸው።

ነጋሪት፣ ጋዜጣና መንገድ

በአገራችን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። የነጋሪት ስም ራሱ ነገረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በገበያ ቀን ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል፣ አድማጩ ሁሉ መልእክተኛ ይሆናል። በ1890ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ መውጣት ጀመረ። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝኛ የሚታተመው «ኢትዮጵያን ሄራልድ» በ1935 ዓ.ም. ተከተሉ። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ማወጃ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» ሲባል፣ የከበሮውና የወረቀቱ ስም በአንድነት ተጣመሩ።

በስሜን ግርጌ ግን ጋዜጣ ያለ መንገድ ዋጋ አልነበረውም። በጠላት ወረራ ዘመን ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ወርዶ ወደ አሥመራ የሚሄደው የመኪና መንገድ ተሠራ። መንገዱ የተሠራው ለጦር ጉዳይ ቢሆንም፣ ከነጻነት በኋላ የትምህርት ቤት መጻሕፍትም፣ ጋዜጣም፣ አስተማሪም የመጡበት እርሱው ነው። ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ የከፍተኛና የመካከለኛ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ አማርኛ ማስተማሪያ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ትምህርት ከአማርኛው ጎን ለጎን ቀጠለ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች፣ ቀጥሎም ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚሰማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር።

በክፍል ውስጥ የሚታየው ችግር

ወደ ክፍሉ እንመለስ። «መቼ» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ የደባርቅ ተማሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሆነውን ነገር በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው፣ አንባቢው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንደ ሆነ ይረዳዋል። የቆጠራችን መነሻ የፀሐይ መውጫ፣ የእነርሱ ግን እኩለ ሌሊት ስለሆነ ስድስት ሰዓት ይዛባል። የዘመኑም ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። በእኛ 1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዓመት ነው፤ በእነርሱ 1860 ግን የፕላውደንና የቤል ሞት የደረሰበት ነው። የዘመን አቆጣጠሩን ያልጠቀሰ ዘገባ ደባርቅንና መቅደላን ሊያምታታ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የሌላውን ሰው ቃል ማስተላለፍ ነው። በአማርኛ «ነገ እመጣለሁ አለ» እንላለን፤ ተናጋሪው ከአፉ እንዳወጣው ቃሉ ሳይለወጥ ይቀመጣል። እንግሊዝኛው ግን «እኔ» የነበረውን «እርሱ»፣ «ነገ» የነበረውን «በማግሥቱ» አድርጎ፣ ጊዜውንም ወደ ኋላ ገፍቶ ማቅረብን ያዘወትራል። ተማሪው ይህን እንደ ሰዋስው ቅጣት ያየዋል። በእውነቱ ግን የሁለት ልማዶች ልዩነት ነው። የእኛ ተናጋሪውን ራሱን ያቆማል፤ የእነርሱ ዘጋቢውን በመካከል ያቆማል። አስተማሪው ይህን ቢያስረዳ ተማሪው ደንቡን በፍቅር በያዘው ነበር።

ሦስተኛው «ምንጭ» ነው። በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ ከውኃ የተወሰደ ነው። የውኃ ሥራ የሚያውቅ ሰው ምንጩ ላይ የጠራው ውኃ ታች መንደር ሲደርስ እንደሚደፈርስ አይስተውም። የአገራችን የቀድሞ አውጫጭኝም ይህን ያውቅ ነበር። ሕዝቡ ወንጀል ሲያጣራ ስሙን ሳይገልጽ የሚጠቁም ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ይህም ስሙ የተሰወረ ምንጭ በዛሬ ጋዜጠኛ የተፈጠረ እንዳልሆነ ያሳያል። አውጫጭኙ ግን በወፉ ቃል ብቻ አይወሰንም፤ ቃሉ የፍለጋ መነሻ ነበር።

ቃላቱ ሲመዘኑ

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ከአካባቢው ሁለት የቅርብ ጊዜ ጉዳዮችን እናንሣ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል የዋሊያ ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻ መስፋፋትና ፓርኩን አቋርጦ የተሠራው መንገድ ይገኙባቸዋል። መንገዱን የሠራው ሙያችን ነው፤ ፍርዱ የተሰጠው ግን በእንግሊዝኛ በተጻፉ ዘገባዎች ላይ ነው። ስንት ዋሊያ፣ መቼ ተቆጠረ፣ ማን ቆጠረ የሚሉት የክፍል ውስጥ ጥያቄዎች የአንድን አገር ቅርስ ዕጣ ወሰኑ።

ሁለተኛው ጉዳይ የከበደ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በጳጉሜን ወር የአካባቢው ባለሥልጣናት የሟቾቹ ቁጥር 120 መሆኑን ለሮይተርስ ተናገሩ፤ የትግራይ ኃይሎች አመራር ውንጀላውን አልተቀበለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የትግራይ ኃይሎች ከነሐሴ 25 እስከ 29 ድረስ 26 ሰላማዊ ሰዎችን ያለ ፍርድ መግደላቸውን ከምስክሮች ቃል ተነሥቶ ገለጸ። ሁለቱ ቁጥሮች በሩቅ አንባቢ ዘንድ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። አንዱ ሐሰተኛ መሆን አለበት ብሎ የሚፈርድም አይጠፋም። ነገር ግን አንደኛው ባለሥልጣናት የነገሩት ጠቅላላ የሟቾች ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው አንድ ድርጅት በየአጋጣሚው ምስክር ጠይቆ በአንድ ዓይነት አገዳደል የመዘገበው ነው። የተቆጠረው ነገር የተለያየ ስለሆነ ቁጥሩም ይለያያል። «ተናገሩ»፣ «ገለጹ»፣ «አረጋገጡ»፣ «ካዱ» የሚሉትን ግሦች ለይቶ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ይረዳል። ያላወቀው ግን የሰውን ሞት የክርክር መሣሪያ ያደርገዋል። በሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ ከዚህ የባሰ ሁለተኛ ሐዘን የለም።

ከእኛ የሚጠበቀው

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚወጣው አሳብ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ስናስተምር ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ልዩነት ልንነጥቀው አይገባም። ተረት፣ ወሬ፣ ዜናና ታሪክ በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ድንበር አውቆ የገባ ተማሪ፣ «ስቶሪ» የሚለው ሰፊ ቃል ሲያጋጥመው የትኛው ዓይነት ነው ብሎ ይጠይቃል። የአማርኛው «አሉ» ዋጋ የገባውም ተማሪ የእንግሊዝኛውን የምንጭ አጠቃቀስ ለመማር ግማሽ መንገድ ተጉዟል።

የማኅበራችን አባላት በየሥራ ቦታቸው አጠገብ ባሉ ትምህርት ቤቶች ይህን ማገዝ ይችላሉ። በመንገድም ሆነ በውኃ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ አንድ ቀን ወደ ክፍል ገብቶ የሥራ ዘገባ እንዴት እንደሚጻፍ ቢያሳይ፣ ተማሪዎቹም በራሳቸው ከተማ የሆነ አንድ ነገር በሁለቱም ቋንቋ ጽፈው ቢያቀርቡ፣ ቃላቱ ከደብተር ወደ ሥራ ይሸጋገራሉ። ለመነሻ የሚሆነው ነገር ከአጠገባቸው አለ፦ የገበያው የእህል ዋጋ፣ የክረምቱ ናዳ፣ የጉድጓዱ ውኃ መጠን። በእያንዳንዱም ሥር ተማሪው ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ያየሁት ይህ ነው፣ የሰማሁት ይህ ነው፣ የሰማሁትም ከእነ እገሌ ነው ብሎ። ይህን የለመደ እጅ ነገ የድልድይ ምርመራ ዘገባ ሲጽፍ የሚያስተካክለው አለቃ አያስፈልገውም።